ማራገቢያው ሲቆም

ሱዳን፣ ዶካ ገበያ፣ ሉብና ሻይ ቤት፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። እንደኛው ሰሊጥ አጫጅ ነው፤ የግንባሩ ጠባሳ ግን የከሰል ጥቁረት ይዟል። ስሙን ጠይቀነው አናውቅም።

ዛሬ መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ሲቆም ብድግ አለና «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም፣ ያሳፍራል፣ ሳቅሁ።

አንገቱን ደፋ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። በፊት በምሠራበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የአየር ማራገቢያው ሲቆም ደወል ይጮኻል። ደወሉን የምሞክረው እኔ ነበርሁ። ለመሞከር ማራገቢያውን ማጥፋት ነው፤ አየር ሲቋረጥ ጋዙ ስለሚገድል ግን አስቀድሞ ሰው ሁሉ ይወጣል።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ታዲያ ሁሌ ታስወጣቸው ነበር?» አለችው ሉብና፣ እየሳቀች።

ሻዩን ሳይነካው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አንድ ቀን ቸኮልሁ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ደወሉስ ደኅና ጮኸ።»