የደግፌ ፈረሰኞችና ያልተነሳው ሳር

አናጢውን ደግፌን ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ከኔ በላይ የሚያውቀው ግን ገና አልተወለደም። እኔ ካሱ ነኝ፣ የጨንቻ መንገድ ላይ በመኪና ረዳትነት ያረጀሁት። ያንን ጠመዝማዛ በጭቃ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣ በአንድ እጄ የሰው ፍየል ይዤ ወርጄዋለሁ። ሹፌሩ ዓይኑን ሲጨፍን መንገዱን የማየው እኔ ነበርኩ። ፊደል አላውቅም፤ ሰው ግን አነባለሁ።

ደግፌ ከአውቶብስ ተራው ጀርባ፣ ማንጎው ስር አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት መጋዝ በልቶበታል። ዝምተኛ ነው ይሉታል። ምኑ ዝምተኛ! ቂመኛ ነው እንጂ። ቂመኛ ሰው ወሬ አያባክንም። ሚስቱ ጥላው ሶዶ ገባች፣ ልጅ የለው፣ ዘመድ አይጠይቀው። ያሉት ፈረሰኞቹ ናቸው።

የፈረሰኞቹ ነገር እንዲህ ነው። ድሮ እዚህ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ነበር። ደግፌ ዘበኛው፣ ደበሌ ደግሞ ወጥ ቤቱ ነበሩ። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ አውራ ጣት የሚያካክሉ የቆርቆሮ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያዋጋል። የጥንት ሰዎች ናቸው፤ ጦርና ጋሻ የያዙ፣ ጥሩር የለበሱ። ብቻውን ሲሰለቸው ጨዋታውን ለሁለቱ አስተማረ። አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ትቶት ሄደ። ለማን? የጠቡ ሥር ይሄ ነው። ደግፌ «ለኔ ነው የሰጠኝ» ይላል፤ ደበሌ «ለሁለታችን» ይላል። ሳጥኑ የቀረው ደግፌ ቤት ነው። ቆርቆሮዎቹ እየተሰበሩ አንድ ፈረሰኛ ብቻ ሲቀር፣ ደግፌ በነሱ ምትክ ፈረሰኛም እግረኛም ከዋንዛ ጠረበ። ጋሻቸው የፍየል ቆዳ፣ የፈረሶቹ ጭራ የእውነት የፈረስ ጭራ ነው። ስንት ዓመት ጠረበ መሰላችሁ! የሰው አልጋ እያስጠበቀ ፈረስ ይጠርባል። የኔንም አልጋ አስጠብቆኛል፤ መሬት ላይ ተኝቼ ነው የከረምኩት። እሱን ሌላ ቀን የሚጠይቀኝ ካለ አወራዋለሁ።

ደበሌ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ነግዶ አይሱዙ ገዛ። ሀብት ቂም ያስረሳል የሚል ሰው ደበሌን ይይ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ሌባው ዛሬ ስንት ፈረስ ጠረበ?» ይላል፣ ገበያተኛው እየሰማ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ባመቱ ወረቀት ይዞ መጣ። ኢንተርኔት ቤት የምትሠራ ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ አለችው፤ እሷ ናት ከኢንተርኔት አውጥታ በአማርኛ የጻፈችለት።

«የጨዋታው አዲስ ሕግ ወጥቷል» አለ፣ ማንጎው ስር ሰው መሙላቱን አይቶ። «በዚህ አንዴ እንሞክረው። ያሸነፈ ሁሉንም ፈረስ ይወስዳል።»

«ወስደህ ምን ልታደርጋቸው?» አለ ደግፌ።

«የሙዝ መጋዘኔ በር ላይ በምስማር እመታቸዋለሁ። እምቢ ካልክ ደግሞ ሌባነትህን አመንክ ማለት ነው።»

ደግፌ መሮውን አስቀመጠ። «አምጣ ወረቀትህን።»

ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ሁለቱም እኔን አሉ። ማንበብ ስለማልችል ከወረቀቱ ጋር ይመሳጠራል ብሎ የሚጠረጥረኝ የለማ። እኔ ደግሞ ለዳኝነት ነው የተፈጠርኩት።

ጠቡ ገና ፈረስ ሳይንቀሳቀስ ተጀመረ። ድሮ ጠረጴዛው ላይ በከሰል ካሬ ያሰምሩ ነበር። አዲሱ ሕግ ካሬ የለውም፤ ርቀት እየለኩ መሄድ ነው። ደግፌ ሜትሩን ሲያወጣ ደበሌ ጮኸ፦

«የአናጢ ሜትር ጫፉ የተቆረጠ ነው! በስንዝር ይሁን።»

«በማን ስንዝር? ጣት እንደሌለኝ አይተህ ነዋ!»

«ጣትህን የበላሁት እኔ ነኝ?»

«ዝም በሉ፣ በኔ ስንዝር ይሆናል» አልኩ። የኔ ስንዝር ከዚህ እስከዚህ ነው፤ አባያ ሐይቅ ዳር የተጣለ የአዞ ቆዳ ለክቼበታለሁ።

ሰዎቹንና ፈረሶቹን ለሁለት ተካፈሉ፤ የቆርቆሮዋ ፈረሰኛ ለደበሌ ደረሰች። ጽጌሬዳ ታነባለች፣ እነሱ ያዋጋሉ። ከበሬ አጥንት የተጠረበች፣ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያላት ዳይስ አለች፤ ሲጋጠሙ ይጥሏታል። ድሮ ብዙ ነጥብ ያወጣ ይገድላል፣ አለቀ። አዲሱ ሕግ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አለው። ጓዱ የሞተበት ወታደር ዳይስ ይጣልለታል፤ ትንሽ ከወጣ ፈርቶ ይሸሻል፤ ከጠረጴዛው ከወጣ አይመለስም።

«የኔ ሰዎች አይሸሹም» አለ ደግፌ።

«ጋሽ ደግፌ፣ ሕጉ ነው» አለች ጽጌሬዳ።

ከደግፌ ሰዎች አንዱ ሲሞት ዳይሷ አንድ አወጣች። ደግፌ በገዛ እጁ የጠረባቸውን ሰዎች በገዛ እጁ ከጠረጴዛው አወረደ። እንደገና ጣለ፣ ሁለት። ሌሎቹንም አወረደ። ሰው ይስቃል።

«ሚስትህም እንዲሁ ነው የሸሸችው!» አለ ደበሌ።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። የደግፌ ጦር አለቃ ከጥቂት ጋሻ ጃግሬዎቹ ጋር መሀል ላይ ቀረ። ደበሌ ያቺን የቆርቆሮ ፈረሰኛ ከፊት አድርጎ ፈረሶቹን አሰለፈ። «ምስማር አዘጋጁልኝ» አለ።

ደግፌ ተነሳ። ሊማቱ ነው ብዬ መዶሻውን ደበቅኩ፤ እኔ ባላስብ ኖሮ ማን ያስባል! እሱ ግን ወደ ውሃው ጀሪካን ሄደና ከስሩ የበቀለውን ሳር ነጨ። ውሃ አርከፈከፈበት። ጠረጴዛው ፊት ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከና ሳሩን በራሱ ሰዎችና በደበሌ ፈረሶች መሀል አኖረ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሰው ሊጋደል ሲነሳ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ይንበረከካል። የተለመነው ሰው ሳሩን ሲያነሳ እርቅ ሆነ ማለት ነው፤ እስከዚያ ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ያንን ሳር መርገጥ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ እህልህን፣ ከብትህን፣ ልጅህን ተከትሎ የሚመጣ ጥፋት ነው። ግን ሳር ለደም ነው እንጂ ለእንጨት አይደለም። ደግሞም የሚያኖረው ሽማግሌ ነው፤ የተሸነፈ ሰው አይደለም።

ደበሌ ፊቱ ጠቆረ። «የአባቶቻችንን ሳር መጫወቻ ታደርጋለህ?»

«አልተጫወትኩም» አለ ደግፌ፣ እንደተንበረከከ። «ሌላ የለኝም።»

«አባዬ፣ እለፈው» አለች ጽጌሬዳ። «ወረቀቱ ላይ ሳር የሚል የለም።»

«አልፈዋለሁ! እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ ጎሜ አልፈራም!» ደበሌ የቆርቆሮዋን ፈረስ አነሳ። እጁ አየር ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ልጁን አየ። ፈረሷን መልሶ አስቀመጠ። ቀጥሎ ዓይኑ ብልጭ አለ፦ «ሳሩ ከፊት ነው። በኋላ በኩል እዞራለሁ።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። «ሳር ኋላ የለውም» አልኩ።

«ማን ጠየቀህ አንተ መሃይም!»

«ዳኛ ብለኸኛል።»

ደበሌ የቆርቆሮ ፈረሰኛዋን መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ወረወራት። ወረቀቱን ከልጁ እጅ ነጥቆ ቀደደው። «ስሙኝ! ሳር የሚያነሳው የተለመነ ሰው ነው። የተለመንኩት እኔ ነኝ። እስክሞት አላነሳውም!» ብሎ ሄደ። ለኔም ሲሰጠኝ የነበረውን የበሰለ ሙዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከለከለኝ። ሙዙ ድሮም አይጣፍጥም።

ደግፌ ፈረሰኞቹ አልተወሰዱበትም። ሳሩ ሳይነሳ መንካት ግን አይችልም። ሳሩ ደርቆ ገለባ ሆኗል፤ እነሱም እንደተሰለፉ ናቸው። ጠረጴዛው የሥራ ጠረጴዛው ነበር፤ አሁን መሬት ተንበርክኮ ነው እንጨት የሚልገው። ላስታርቃችሁ ብዬው ነበር። «ሌባ ያለኝ እሱ ነው፣ ይምጣ» አለኝ። ደበሌም ጋ ሄጃለሁ፤ በር አልከፈተልኝም።

ደበሌ አይሱዙውን ሆን ብሎ በዚያ ያሳልፋል። ማንጎው ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ባለፈው አንድ ጋሻ ጃግሬ ወደቀ። ደግፌ ከመሬት ቀና ብሎ የወደቀውን አየና፣ ሳያነሳው መላጉን ቀጠለ።