ቅቤው ለብቻው

አምና ከመስቀል ማግስት አባቴን ደም ግፊት ጣላቸው። ሆሳዕና ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ፣ «አባት፣ ጨውና ቅቤ ይቀንሱ። ይሄ ከተደገመ ያሰጋል» አላቸው። በአፍ ቀላል ነው። በእኛ አገር፣ ጃጁራ ላይ፣ በመስቀል ቅቤ መቀነስ ግን የዋዛ አይደለም።

የመስቀሉ ገንፎ አተካና የሚሠራው ከእንሰት ቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ ነው፤ ቅቤው ካልዋኘበት አተካና አይባልም። ሴቶቹ ለዚያች ቀን ሲሉ ዓመቱን ሙሉ በዊጆ ማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ ዘንድሮ «አተካናውን ለእኔ ተዪው፤ ቅቤውን ቀንሼ እሠራዋለሁ» ስላት እናቴ ቱግ አለች።

«ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ሊቀምስ መጥቶ? ዊጆዋን ሳትጥል ቀርታ ነው ይሉኛል! ልታዋርጂኝ ነው?»

እኔም አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። ይሉኝታ አባቴን ሲቀብርብኝ ቆሜ አላይም። የእናቴም ስም በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም። ቡላውን ወተት አብዝቼ፣ ቅቤውን ለአመል ያህል ጠብ አድርጌ አገነፋሁት። ከዊጆ የመጣውን ቅቤ በሙሉ አንጥሬ በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ሞላሁና መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የፈለገ ይጨምር፤ ያልፈለገ ይለፈው። እናቴ አየችውና ማንኪያ አምጥታ ከጎኑ አኖረች። ከእሷ ይህ ግማሽ እሺ ማለት ነው።

ቤቱ በሰው ሞላ። አባቴ ሳይቀምሱ ማንም አይነካም። የቅቤውን ሳህን ወደ ራሳቸው አስጠጉት፤ ቅቤ ይወዳሉ፣ አውቃቸዋለሁ። ሽታውን ሳቡት። ከዚያ ሳህኑን ለጎረቤታችን ሽማግሌ አቀበሉ።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ምነው ጋሼ! እንዲህ ያለ ቅቤ ይታለፋል? በበዓል ቀን?»

አባቴ ከአተካናው በማንኪያ ቀመሱና ሳይቸኩሉ ዋጡት።

«አሁን ተነስቼ ‹አምላክ ሆይ፣ ለከርሞ አድርሰን› ብዬ ልጸልይ ነው» አሉ። «ከርሞን በአፌ እየለመንኩ በእጄ ልመልሰው?»

ተነስተው ጸለዩ። ‹ለከርሞ አድርሰን› የሚለው ላይ ሲደርሱ ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እናቴ ነበረች።