አሥረኛው ቡሎን

ጋሽ ካምቢዮ መኪናው ሥር ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከውጭ የሚታየን እግሩ ብቻ ነው። የአንደኛው ጫማ ክር ተፈትቷል፣ ካልሲው ተረከዙ ላይ ሳስቷል፣ አልፎ አልፎ የጫማው ጫፍ ብድግ ይልና መልሶ ይወድቃል። በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በዚያ ነው። እኔ ጎኑ ተንበርክኬ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። የሚስቱ ወንድም ነኝ፣ የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ መብራት መያዝ የኔ ዕጣ ሆነ።

«መብራቱን ካምቢዮው ላይ ነው ያልኩህ፣ ዓይኔ ላይ አይደለም!» አለኝ ከሥር።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ይቅርታህን ተወውና ወደ ግራ። የኔ ግራ! አንተ ሰውዬ ቢሮ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠራው?»

እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ቀማው። አርባ ዓመት ሙሉ ካምቢዮ ሲያወርድና ሲሰቅል ስለኖረ «ጋሽ ካምቢዮ» ሆኖ ቀረ፣ የእድር ወረቀት ላይ እንኳን እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ከመኪና በታች የኖረ ሰው ነው። ሌላው ሰው ቀና ሲል ደመና ያያል፤ እሱ ቀና ሲል ዘይት ያንጠባጠበ ብረት ነው የሚያየው። ትከሻው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንቋቋል፣ ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ በአንድ እጁ መሬቱን ይዞ ትንሽ ያስባል፤ ልነሳ ወይስ ይቅርብኝ እንደሚል ሰው።

ሥራው ራሱ ተራ ነበር። ካምቢዮ ከሞተር ጋር የሚያያዘው በቡሎን ነው። ቡሎኖቹን ታወጣለህ፣ ከሥር በክሪክ ትደግፋለህ፣ ወደኋላ ሳብ ስታደርገው ይለቃል። የግማሽ ቀን ሥራ። ይሄ ግን አልለቅ አለ። ዝገት ይሆናል ተብሎ ናፍታ ጠጣ፣ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ተኮረኮረ፣ ተወዘወዘ። ከታች በኩል የጥፍር ያህል ክፍተት አሳየና ከላይ እንደ ግንብ ቆመ።

«ጋሼ፣ ፈቃድህ ከሆነ በረጅሙ ብረት አንድ ጊዜ ልፈልቅቀው» አለ ችኩል። ችኩል የጋራዡ ሸሪኩ ነው፤ በጋሽ ካምቢዮ እጅ ሙያ የተማረ፣ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ሰው።

«ፈልቅቀውና ይሰንጠቅ! ሽፋኑ አሉሚኒየም ነው። ሌላ ከየት ታመጣለህ? ይሄ መኪና መሠራት ሲያቆም እኮ አንተ አልተወለድክም።»

«እንግዲያው ቡሎን ቀርቶ ይሆናላ...»

የጫማው ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የዚህ ካምቢዮ ቡሎን ዘጠኝ ነው» አለ ጋሽ ካምቢዮ ቀስ ብሎ። «ዘጠኝ አውጥቻለሁ። ኪሴ ውስጥ ነው።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ችኩል ቡሎን ሲያወጣ ካርቶን ላይ የዕቃውን ቅርጽ ይስልና እያንዳንዱን በየቦታው ይሰካል። ጋሽ ካምቢዮ ግን ሁሉንም የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይጨምራል። «ጭንቅላት ያለኝ ሰው ካርቶን ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ባለፈው ወር ይህ ጭንቅላት ከዳው። የአንድ ደንበኛ መኪና ዘይት ቀይሮ የማፍሰሻውን ቡሎን ሳያጠብቅ ሸኘው። ሰውዬው መንገድ ላይ ዘይቱን አፍስሶ፣ መኪናውን አስገፍቶ ተመለሰ። እህቴ በሰማች ጊዜ እኔ ባለሁበት ቁጭ አድርጋ አነጋገረችው።

«ዛሬ ዘይት ነው፤ ነገ ፍሬን ትረሳለህ። ሰው ገድለህ እንዴት ትተኛለህ?» አለችው። ሌላ አንድ ቡሎን ከረሳ የጋራዡን ቁልፍ ለችኩል ሊሰጥ ቃሉን ሰጣት። ለዚህ ነው ዘጠኝ ዘጠኝ የሚለው። የሚታገለው ከካምቢዮው ጋር ብቻ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የመኪናዋ ባለቤት መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ በዚህች ባለክብ መብራት መኪና ነው የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ሄደው የተቀበሉት። ጥላቸውን አጥፈው የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጡና ጎንበስ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ምጡ ገና ነው?»

«ገና ነው እትዬ። ጭንቅላቱ እምቢ ብሏል።»

«ታዲያ አትጎትተዋ! እኔ አልመጣ ሲለኝ ጎትቼ አላውቅም። ምን እንደያዘው በእጄ ነበር የምፈልገው።»

«በእጄ ፈልጌ ጨረስኩ እኮ። የቡሎን ራስ ቢኖር ጣቴ ያውቀዋል፤ ባለስድስት ማዕዘን ነገር የለም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ካምቢዮን ጎትተን አወጣነው። ቤቱ ከጋራዡ ጀርባ ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስንገባ ማሽኗ ላይ ነበረች። ማሽኑ ባለ ብረት እግር ነው፣ ሲሰፋ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ አንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ጋሽ ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ሳህኑን ገፋው።

«ብላ እንጂ» አለችው።

«ማኘክ ደከመኝ።»

እሷም እንደ ልማዷ መርገጫውን እየመታች ማሽኑን መርገም ጀመረች። «ይሄ ደግሞ ዛሬ ብሶበታል። ቡሎኑን ነቅለህ ሰው መኪና ላይ ትሰካና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሰካራም እየተንገዳገድኩ ልስፋ!»

ይህን ወቀሳ እኔ ራሴ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የጋሽ ካምቢዮ ግን ውሃ የያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የማን መኪና ላይ ነበር?»

«የማን ይሆናል? የአዋላጇ ነዋ! ሴትዮ ምጥ ይዟታል ብለው በሩ ላይ ቆመው ሲያጣድፉህ፣ አንዱ ቀዳዳ ጥርሱ አለቀ ብለህ፣ ቡሎኑን እዚያው ትተህ ከጎኑ ሌላ በስተህ፣ የኔን ማሽን...»

ገና ሳትጨርስ እሱ ተነስቷል። ያ መሬት ይዞ የሚያስበው ሰውዬ መሬቱን ሳይነካ ተነሳ!

መኪናው ሥር ገብቶ እጁን ከላይ በኩል፣ መብራቴ ፈጽሞ በማይደርስበት ጠባብ ቦታ እስከ ክርኑ ሰደደ። የዓመታት ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ብረት መስሏል። በጥፍሩ ፋቀው። ባለስድስት ማዕዘን አልነበረም። የልብስ ስፌት ማሽን ቡሎን ነው፤ ራሱ ክብ፣ መሐሉ ስንጥቅ። ጣቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ በላዩ ሲያልፉ የሽፋኑ እብጠት መስሏቸው ነበር።

«ካቻቢቴ» አለ። ድምፁ የወጣው እንደ ሹክሹክታ ነው። ችኩል ትልቁን ካቻቢቴ አቀበለው። ብረት ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ካምቢዮው ምንም ሳይጎተት ክሪኩ ላይ ተንፈስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወደኋላ ሳብ ሲያደርጉትም ከቅቤ እንደሚወጣ ቢላዋ መጣ።

«እሰይ!» አሉ አዋላጇ። «ወንድ ነው ሴት?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠና ቡሎኑን በላምባ አጥቦ አየው። ችኩል አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ዝገት ነበር እንላለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለው።

ወደ ቤት ተመልሶ ቡሎኑንና የጋራዡን ቁልፍ ማሽኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እህቴ መርገጫውን አቆመች።

«አንተ ደግሞ! የሃያ ሁለት ዓመቱን ማን ያስታውሳል?» አለች። አሁን ለእሱ የምትከራከረው እሷ ሆነች።

«በየሳምንቱ ስትነግሪኝ ነበር እኮ» አላት።

እሱ ተንበርክኮ ቡሎኑን ማሽኑ እግር ላይ ወደ ቦታው መለሰ፣ አጠበቀ፣ በእጁ ነቀነቀው። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥር የወጣውን ካርቶን ጉልበቱ ላይ እያቃና ብዙ ቆየ። ማታውን ቁልፉን ራሱ ወስዶ ለችኩል ሰጠው፤ ችኩል ሁለቴ አልቀበልም ብሎ ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ። በማግስቱ ጋሽ ካምቢዮ ከሰዓት በኋላ ድረስ ተኛ። እህቴ እየደጋገመች በሩን ገርበብ እያደረገች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ጋራዡ መጣ። ዘርግቶታል፣ በጠመኔ የካምቢዮውን ቅርጽ ስሎበታል፣ ዘጠኙን ቡሎኖች በየቦታቸው ሰክቷል። በላይኛው ጠርዝ በኩል ደግሞ አንድ ባዶ ቀዳዳ በስቶ ዙሪያውን ክብ ሠርቶበታል።

«አለቃ፣ እዚህ የሚገባ አዲስ ቡሎን ፈልግልኝ» አለው ችኩልን።

ችኩል የሚገባበት ጠፋው። «ጋሼ ደግሞ... በሞቴ አለቃ አትበለኝ።»

አዲሱን ቡሎን ግን አምጥቶ ሰካበት። ከዚያ ጋሽ ካምቢዮ መሬቱን በእጁ ይዞ ትንሽ አሰበና በጀርባው ተኝቶ መኪናው ሥር ገባ። ጫማው ብቻ ቀረልን። ከሥር ሆኖ ካርቶኑን ወደኔ ገፋው።

«ቁጠርልኝ።»

«አሥር» አልኩት።

«ድገመው።»

ደገምኩት።