የሰማዩ አልኮልና የአጎቴ ቡጢ

አጎቴ አሁን የሉም። ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ባለችው የቀለም ሱቃቸው ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ግን መሐሉ እንደጎደጎደ ነው። ነገር ሲያስረዱ ጠረጴዛ ካልደበደቡ አይሆንላቸውም ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮኑ፣ በከዋክብት መካከል ባለ ደመና ውስጥ ሜቲል አልኮል ተገኘ አለ። አጎቴ ጠረጴዛውን ነረቱት።

"በረዶ የለበሰ ትቢያ ላይ ነው የሚሠራው ይላሉ! ብርሃን ይመታዋል፣ ይሰባብረዋል፣ ስብርባሪው ደግሞ እንደገና ይያያዛል!"

ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ሳቁ። "ሰማይ ቤት ካለማ ለእኔም ይድረሰኝ" ብለው፣ የቀለም ማቅጠኛ ከያዘው ጣሳ በብርጭቆ ቀድተው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ያው ራሱ ሜቲል አልኮል ነበር፤ ሰው ከጠጣው ዓይን ያጠፋል።

አጎቴ "ተው" እንኳን አላሉም። ብርጭቆውን የኦቦ ቶላ አፍ ላይ እንዳለ በቡጢ ሰባበሩት። የኦቦ ቶላ የፊት ጥርስ ወለቀ፣ የአጎቴ እጅ ተተረተረ፣ ደሙ ወለሉ ላይ ከነጭ ቀለም ጋር ተለወሰ። ኦቦ ቶላ በርጩማ አንስተው ጀርባቸውን አሏቸው። ሰው መጥቶ እስኪገላግላቸው ድረስ አጎቴ እየደሙ ይጮሁ ነበር።

"ዓይንህ ይትረፍልህ እንጂ ጥርስህ ምን ያደርግልሃል!"

ከዓመታት በኋላ፣ በአጎቴ ቀብር ዕለት ኦቦ ቶላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ማንም ሊይዛቸው አልቻለም። አፈሩ ሲመለስ፣ በዚያ በጎደለ ጥርሳቸው ጮኹ።

"ዓይኔን አትርፈህልኝ ሄድክ! አንተን ካላየሁበት ምን ያደርግልኛል?"