ኦዲሎን በድምፅ ማጉያ ያመሰገነ ቀን

ኦዲሎን በባንዱ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የመረጠው ከኋላው መደበቅ ስለሚቻል ነው። በሜክሲኮ፣ በኦሃካ ተራሮች መሀል ባለችው መንደራቸው፣ በዓል ሲመጣ ጥሩንባ ነፊው ፊቱን ለሰው ሁሉ ያሳያል። የኦዲሎን ግን ባርኔጣውና ጫማው ብቻ ነው የሚታየው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ መልሱን ለመሬት ነው የሚነግረው።

ኮሮና የያዘው ጊዜ ብቻውን ቤቱን ዘግቶ ተኛ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ግን በየቀኑ አንድ ሰው በሩን ኳ ኳ ያደርግና ይሮጣል። ተንፏቆ ሲወጣ ደጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ቶርቲያ የሚሉት ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ አንዳንዴም የዶሮ ሾርባ ያገኛል። ማን እንዳመጣው አያውቅም፤ የቀሚስ ጫፍ ጥግ ዞሮ ሲሰወር ብቻ ያያል።

ዳነ። ሲድን ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘው። እዚያ አገር በልቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ሳህኑን ሞልተህ ትመልሳለህ፣ ካልሆነም ቆመህ ታመሰግናለህ። ሳህኑ የማን እንደሆነ አያውቅ፣ ቤት ለቤት መዞርም ተከልክሏል። የቀረው የእትዬ ማክሎቪያ ድምፅ ማጉያ ነው። ጣሪያቸው ላይ ተሰቅሎ አሳማ ያረደውንም፣ በቅሎ የጠፋበትንም፣ የሞተውንም ለመንደሩ ይናገራል።

አጥራቸው ጋ ቆሞ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበ።

«እትዬ ማክሎቪያ፣ ኦዲሎን ድኗል፣ ያመሰግናል ብለው ይናገሩልኝ።»

«ሾርባውን የጠጣሁት እኔ ነኝ እንዴ? የጠጣህበት አፍ አለህ፤ ራስህ ተናገር።»

«ድምፄ አይወጣም።»

«ታዲያ ኮሮና የተወልህን ሳንባ ምን ልታደርገው ነው? ግባ፣ እኔ ውጭ እቆማለሁ። መጀመሪያ ግን ሰው ጆሮ እንዲሰጥ ዜማ እናስገባለን። የቱን ላድርግልህ?»

 ካሉት ዜማዎች ሁሉ ትዝ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበት፣ እጁ ስቶ የማያውቅበት። ነገራቸው። እትዬ ማክሎቪያ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«እርግጠኛ ነህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሬሳ ሲሸኝ የሚመታው ማርሽ ነበር። መንደሩ በሙሉ ሥራውን አቁሞ አዳመጠ።

«ኦዲሎን...» አለ ማይኩን ይዞ። ስሙን ብቻ ተናግሮ ማይኩን አስቀምጦ ወጣና ሰው እንዳያየው በወንዙ በኩል ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ድምፁን በቅጡ ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ የተናገረው ራሱ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ሲደርስ ደጁ በሻማ፣ በአበባና በበቆሎ ተሞልቷል። ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል። አክስቱ ኤውላሊያ ከፊት ሆነው ያለቅሳሉ።

«አክስቴ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ቀና ብለው አዩት። እንባቸውን በማስካቸው ጠረጉ።

«አንተ ነሃ። ለመሆኑ ማን ፈቅዶልህ ነው የምትዞረው?»

«ምሥጋና ልናገር ሄጄ ነበር።»

«በሬሳ ማርሽ?»

«ከበሮው ደስ ስለሚል ነው» አለ መሬት መሬት እያየ።

ከዳር አንዷ መሳቅ ጀመረች። ጎረቤቱ ኤርሊንዳ ናት። ቀሚሷን ሲያይ ጫፉን አወቀው።

«ይሄን ሁሉ መልሳችሁ ውሰዱ እባካችሁ» አለ ኦዲሎን።

«ለቅሶ ቤት የገባ ነገር አይወጣም» አሉ አክስቱ። «ብላው። ለሱም ደግሞ ታመሰግናለህ።»

ኦዲሎን ሻማዎቹን አየ። ቀጥሎ የኤርሊንዳን ቀሚስ አየ። ከዚያ ዞሮ በመጣበት ሳይሆን በዋናው መንገድ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እትዬ ማክሎቪያ ቤት ተመለሰ።

«አሁንስ የቱን ዜማ ላድርግ?» አሉት እትዬ ማክሎቪያ ሳቃቸውን ውጠው።

«ምንም።»

ማይኩን አነሳ። «እኔ ኦዲሎን ነኝ፤ ከበሮ መቺው» አለ። «አልሞትኩም። ለሾርባውም፣ ለቶርቲያውም፣ ለሻማውም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀን ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር... እሱንም ጨርሼዋለሁ።»

ማጉያው ገና ሳይዘጋ፣ ከታች ሰፈር የኤርሊንዳ ድምፅ ተሰማ፦ «ጨው አልበዛም!»