ወላጅ ያላመጣ አይገባም

የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ያን ዓመት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚያሳፍረኝ እሱ ስለሆነ ነው። ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አራት ክፍል ብቻ በነበረው ትምህርት ቤት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ላይ “ነገ ወላጅ ያላመጣ አይገባም” ብዬ ጻፍኩ። ራቅ ብዬ አየሁትና ፊደሉ ቀጥ ማለቱ ደስ አለኝ። ያ ጽሑፍ አንዲት ልጅን ከትምህርት ቤት እንዳስወጣ ያወቅሁት ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ ባንዲራው አዲስ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወንበሮች ላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም። እኔም አዲስ ነበርኩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ዕጣ ሳወጣ የደረሰኝን ቦታ ስም አንብቤ፣ ካርታ ላይ ፈልጌ አጥቼው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማንንም ሳላናግር ቆይቻለሁ። ቁጡ ነበርኩ። ሙቀቱ ያናድደኛል፣ ወባው ያናድደኛል፣ ሰዉ ቀስ ብሎ መናገሩ ያናድደኛል። ሰዎቹ ቀስ የሚሉት በሰው ቋንቋ፣ በእኔ ቋንቋ፣ ሊያናግሩኝ ስለሚለፉ መሆኑን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

ዳይሬክተራችን በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነው። እዚያው አገር አድጎ አነጋገሩ ከነወሎው ነበር፤ ደግ ሰው፣ ግን ስብሰባ ሲያገኝ ራሱን የሚረሳ። ዘበኛችን የቀበሌው ተወላጅ፣ ከበርታ ብሔረሰብ፣ አማርኛውን አሶሳ ሻይ ቤት ሲሠራ የለቀመ ነው። ከእኛ መካከል የተማሪዎቹን ወላጆች ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለነበር ዘበኛም አስተርጓሚም ሆኖ ይኖራል።

ልጅቷ አራተኛ ክፍል ነበረች። በክፍሉ የቀረች አንዲት ሴት ተማሪ እሷ ብቻ ናት። የክፍሉ ግድግዳ ጭቃው ሲረግፍ በአሮጌ ጋዜጣ ሸፍነነው ስለነበር፣ ሌሎቹ ለኳስ ሲሮጡ እሷ ግድግዳውን ታነባለች። አንዱን ገጽ ዘቅዝቄ ለጥፌው ነበርና እሱን አንገቷን አጣማ ነው ያነበበችው። ደብዛዛ ቃል ሲገጥማት በጣቷ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ስነግራት ደግማ አትጠይቅም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት የምነሣው ለእሷ ነበር ማለት እችላለሁ። ለእሷ ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ያን ሰሞን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከግስ ስለሚወጡ ስሞች አስተምር ነበር። አረሰ፣ አራሽ። አሳደገ፣ አሳዳጊ። ወለደ፣ ወላጅ። እጇን አወጣችና ወላጅ የሌለው ልጅ ያሳደገው ሰው ወላጅ ይባላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይባልም፣ ወላጅ የወለደ ብቻ ነው፣ ያሳደገ አሳዳጊ ነው አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ጥያቄው እንዴት ግሩም ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋልኩ። ለምን እንደጠየቀች ግን ወደ ልቤም አልመጣ።

ከዚያ የወረዳው ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ቤት፣ ወላጅና ኅብረተሰብ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሥራት ስላለባቸው ወላጆች ተሰብስበው ኮሚቴ ይምረጡ፣ አጥርና ተጨማሪ ክፍል በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራ፣ ሪፖርቱም በሁለት ሳምንት ይድረስ ይላል። በቀበሌው ሊቀ መንበር በኩል ጥሪ አስነገርን። አራት ሰው መጣ፤ አንደኛው የመጣው የወባ መድኃኒት እንሰጥ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ወርቅ ሊያጥብ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ጊዜ መሆኑን ዳይሬክተሩ ነገረኝ፤ ቀስ ብለን በየመንደሩ ዞረን እናናግራቸው አለ። እኔ ግን መዞሩን እንደ ውርደት ቆጠርኩት። “ለኔ ተወው” አልኩት።

“ወላጅ አምጣ” ማለት እኔ ባደግሁበት ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለተማረ ሰው አይነገረውም። መስታወት ስትሰብር፣ ስትደባደብ፣ መምህር ላይ ስታፏጭ የሚመጣብህ ቃል ነው። ደብተርህን ይዘህ ትወጣለህ፤ አባትህ ቀበቶውን እየዳሰሰ ይዞህ ይመጣል። ለአጋርነት ስብሰባ የጠራኋቸው በዚህ ቃል ነው። ሌላ የጥሪ ቃል አላውቅም ነበር።

ሠራ ደግሞ። ማክሰኞ ጠዋት ግቢው ሞላ። አንድ አባት ልጁን በጆሮው ይዞ፣ በሌላ እጁ አርጩሜ ይዞ መጣ። አንዲት እናት ልጇ ላጠፋው ጥፋት ካሣ ይሆናል ብላ ዶሮ ታቅፋ መጥታ ስብሰባው እስኪያልቅ አላስቀመጠቻትም። እናት አባት የሌላቸው ልጆችም ነበሩ፤ አጎታቸውን፣ አያታቸውን፣ አንዱማ ጎረቤቱን ይዞ ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አስገባሁ። የበሩን ስም ያነሣሁት ለወጉ ነው እንጂ ሁለት እንጨትና አንድ አግዳሚ ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ትምህርት ቤቱ የእናንተ ነው እያለ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ዘበኛው ባጭሩ አስተረጎመ። ጥያቄ ካለ ሲባል ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በበርትኛ በቀስታ ተናገሩ። ሁለተኛ ክፍል ያለ ወንድ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። ሲናገሩ አንዳንዱ መሬት መሬቱን አየ። ዘበኛው ትንሽ አመነታና “ስለ በሩ ነው የሚጠይቁት” አለ።

ዳይሬክተሩ ፊቱ በራ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኛም ያሳሰበን እሱ ነው አለ። “በሩ በእናንተው እጅ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጆቹ ሁሉ በሥርዓት ይገባሉ” አለ። ይህን ዘበኛው ቃል በቃል አስተረጎመ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሩን እኔ እሠራለሁ አሉ። አጨበጨብን። እዚያው የኮሚቴ አባል ሆነው ተመረጡና በቃለ ጉባኤው ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ልጅቷ ያን ቀን አልነበረችም። በማግስቱም የለችም። በሦስተኛው ቀን ስሟን ስጠራ አንዱ ከኋላ የለችም አለኝ። ገባኝ አልኩ፤ ድረዋታል። አገሩ እንዲህ ነው፣ ሴት ልጅ አራተኛ ክፍል ደረሰች ማለት በቃት ማለት ነው ብዬ ለራሴ ተናደድኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ሪፖርቱ ላይ ያቋረጡ ተማሪዎች የሚል ሠንጠረዥ ነበር፤ ሴት አንድ፣ ምክንያት፦ ጋብቻ ብዬ በዚያው ባማረው ጽሕፈቴ ሞላሁ።

የአጥሩ ሥራ ተጀመረ። ሰዉ በየሰፈሩ እየተፈራረቀ ቀርከሃ ከጫካ ያወርዳል፣ ይሰነጥቃል፣ ያቆማል። ሽማግሌው ግን ተራ አልጠበቁም፤ በየቀኑ ይመጣሉ። ለበሩ የሚሆነውን ቀርከሃ አንድ በአንድ እያንኳኩ ይመርጣሉ፣ ነቀዝ ያለበትን ይጥላሉ፣ የቀረውን ስስ አድርገው ሰንጥቀው ይጎነጉኑታል። ወደድኳቸው። ቋንቋ ስለማያገናኘን ውኃ አቀብላቸዋለሁ፤ “ኡስታዝ” ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ ይጠጣሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ትምህርት ቤቱ የእናንተ ነው ስንል የገባቸው እኚህ ሰው ናቸው እያልኩ ለዳይሬክተሩ አወራለሁ።

በሩ ከግማሽ ሲያልፍ አስቆምኳቸው። የወረዳው ሰዎች ሊጎበኙ ነው ስለተባለ ከመንገድ የሚታየው አጥር ይቅደም ብዬ ነው። በሩ ይቆይ፣ አጥሩን ያግዙ ብዬ በዘበኛው አስነገርኳቸው። በጣም ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ያልተጠናቀቀውን በር አንሥተው ከዘበኛው ቤት ጋር አስደገፉትና ወደ አጥሩ ሄዱ። ጉብኝቱ ተላለፈ። ሦስት ሳምንት በዚያ አለፈ።

በታኅሣሥ መጨረሻ በሩ ቆመ። ከዚያ ወዲህም ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ የቀርከሃ በር አላየሁም። በአንድ ጣት ሲገፋ ያለ ድምፅ ይከፈታል። ሽማግሌው ከፍተው ዘግተው አሳዩኝና ልብሳቸውን አራገፉ። ከዚያ በአማርኛ፣ አስቀድመው ሲለማመዱት የሰነበቱ በሚመስል አማርኛ፣ “ኡስታዝ፣ በር አለቀ። አሁን ልጅ ይገባል?” አሉኝ።

ልጃቸው እኮ ክፍል ውስጥ ነው አልኳቸው። እሱ አይደለም አሉ። የትኛው ልጅ እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አስኬዱ፤ አንገታቸውን አጣመሙ።

“ያ ግድግዳ የሚያነብ ልጅ።”

ዘበኛውን ጠራሁት። ልጅቷ የእኅታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞታ፣ አባቷም ቀደም ብሎ ሞቶ፣ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ያን ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነገ የሚገባው ወላጅ ያለው ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ አሳዳጊዬ ነህ እንጂ ወላጄ አይደለህም፣ ኡስታዝ አስተምሮናል ብላ ነገረቻቸው። ደብተሯን አውጥታ አነበበችላቸው። እሳቸውም አዲሱ መንግሥት አዲስ ሕግ አውጥቶ ይሆናል ብለው አመኑ። ስብሰባው ላይ ተነሥተው የጠየቁት በዚያው ጉዳይ ነበር፦ ትምህርት ቤቱ የእኛ ከሆነ እናት አባቱ በሞቱበት ልጅ ላይ በሩ ለምን ይዘጋል? ዘበኛው ዳይሬክተሩ ይቆጣል ብሎ ፈራና ስለ በሩ ነው አለ። የተሰጣቸው መልስም በሩ ሲያልቅ ልጆቹ ሁሉ ይገባሉ የሚል ነበር። ስለዚህ ሠሩት።

 ሌሎቹ የሙት ልጆች አጎታቸውን ይዘው ሲገቡ በሩ ላይ የቆምኩት እኔው ነኝ። እነሱ ትምህርቴን በቅጡ አልያዙትም ነበር። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ያስተማርኩትን በትክክል የያዘችው አንዲቷ ናት የቀረችው። አለቀስኩ ብል ደግ ነበር፤ አላለቀስኩም። የተሰማኝ ንዴት ነው፣ በዘበኛው ላይ፣ በዳይሬክተሩ ላይ፣ በቃሉ ላይ። በራሴ ላይ የዞረው ቆይቶ ነው።

ትግባ፣ ዛሬውኑ ትምጣ አልኳቸው። ልጅቷ ቤት የለችም ነበር። ቤት ተቀምጣ ከምትውል ብለው ወርቅ ከሚያጥቡት ጋር፣ ከሚስታቸው እኅት ጋር፣ ከመንጌ ማዶ ልከዋታል። ሄጄ አመጣታለሁ አሉ፤ ነጩን ጀለቢያቸውን ለብሰው ያን ሰዓት በዚያው በር ወጡ። እኔ ክፍል ገብቼ ዘቅዝቄ የለጠፍኩትን ጋዜጣ ላቃናው ሞከርኩ። ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ተቀደደብኝ።

በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ። ውኃ ሰጠኋቸው። እዚያው ወርቅ ማጠቢያው ቦታ ያሉ ዘመዶቿ ለአንድ ሰው ድረዋታል፤ ትምህርት የላት፣ ምን ትጠብቃለች ተብሎ። አሥር ቀን ሆኗታል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። የጠጡበትን ጣሳ መለሱልኝና በሩን አይተው፣

“በር ቆየ፣ ኡስታዝ” አሉ። “እኔ ቶሎ አልጨረሰም።”

በሩ የቆየው እኔ አጥሩ ይቅደም ስላልኩ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አስተርጉምልኝ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም።

የተላለፈው ጉብኝት በየካቲት መጣ። የወረዳው ሰዎች አጥሩን ዞረው አዩ፤ በሩን ከፍተው ዘግተው ተደነቁ፤ የወላጅና የትምህርት ቤት ትብብር ማለት ይህ ነው፣ ሌሎችም መጥተው ይዩት አሉ። ከዚያ ቢሮ ገብተን አንደኛው የእኔን ሪፖርት ዘረጋና ያቋረጠ ስንት ነው አለኝ። አንድ፣ ሴት አልኩ። በጣቱ እስከ ሠንጠረዡ መጨረሻ ወረደ። “ምክንያት ጋብቻ” ብሎ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ፤ ትክክል ነው ወይ እንደማለት።

ትክክል ነው አልኩት። ሲወጡ ሽማግሌው እንግዶቹ አልፈው እስኪጨርሱ በሩን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።