የአሥር ሰዓት ተኩል ጥላ

የያዙኝ ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ቤት በር ላይ ነው። የታጠቡ ፎቶዎች ልቀበል ስሄድ፣ ፖስታውን ቀድመውኝ የተቀበሉ ሁለት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አምስት ደቂቃዋ አርባ አንድ ቀን ሆነች።

ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። ለሰባት ሰው አራት ፍራሽ ነው ያለው። ከወሎ የመጡ ሽማግሌ የቆዳ ነጋዴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«በምን መጣህ ልጄ?»

«በጥላ» አልኳቸው። «የብረት ምሰሶ ጥላ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ።»

«አጃኢብ ነው!» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ ሦስት ሜትር የሚረዝም ምሰሶ አለ። ፀሐይ መንገዷን ቀስ በቀስ እንደምትቀይር መጽሐፉ በአንድ መስመር ይናገራል፤ ተማሪ ግን በዓይኑ ካላየ አያምንም። ስለዚህ ከምሰሶው ሥር ተነስተን በየሜትሩ የኖራ መስመር አሰመርን። በየቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ተማሪ ከምሰሶው ጎን፣ ዜሮው መስመር ላይ ቆማ ጥላውን ፎቶ ታነሳለች። ቀንና ሰዓቱም ይመዘገባል። ጥላው የሚወድቀው ደግሞ፣ የኔ ነገር ሆኖ፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በር ነው። ጊዜው ጦርነት ገና ያልበረደበት ነበር። ካሜራ የያዘ ሁሉ ይጠረጠራል።

መርማሪው ድምፁን የማያነሳ ቀጭን ሰው ነበር። አራት ቀን ሙሉ ያንኑ ጠየቀኝ። «አንድ በር፣ አንድ ሰዓት፣ ሃያ ሁለት ቀን። ክትትል ካልሆነ ምንድን ነው?»

«በሩን ማን አነሳው! ጥላውን ስናነሳ ገባ እንጂ!»

«ደሓን መምህር። ነገ እንቀጥላለን።»

ደንቆሮ መሰለኝ። ቢገባው ይለቀኛል ብዬ በአምስተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅሁና አስተማርኩት። በአንድ ሰዓት ላይ የሁሉም ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር ያለው ንጽጽር እኩል ነው አልኩት። የዚህን ቀን ፎቶ ተመልከት፤ ምሰሶው ሦስት ሜትር፣ ጥላው ስድስተኛው መስመር ላይ። ስለዚህ ያን ሰዓት ጥላ ማለት የቁመት እጥፍ ነው። «ገባህ?» ብዬ ተማሪ ላይ እንደምጮህ ጮህኩበት።

«ገባኝ» አለ። ፎቶውን ወደ ራሱ ሳበው። ከምሰሶው ጥላ ጎን ሌላ ጥላ ነበር፣ የአንሺው።

«አንሺው ዜሮው ላይ ይቆማል ብለሃል። የጭንቅላቱ ጥላ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «እስቲ ቁም መምህር።»

ቆምኩ። ሜትር ከሰማንያ ነኝ።

«ማነው ያነሳው?»

ምነው አፌን በቆረጠው! ባጎረስኩ ተነከስኩ ይሉ የለ? በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ቶሎ የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም። ያነሳችው ከአጭርነቷ የተነሳ ሁልጊዜ ፊት ወንበር የምትቀመጥ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችኝና ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጎንበስ ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«ሃያ ሁለቱንም?»

«ሃያ ሁለቱንም። ወገቤን ያመኛል።»

ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «ጻፈው» አለ።

በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩና ፈረምኩ። ስመለስ ሽማግሌው፣ «ገባው?» አሉኝ።

«እጅግ በጣም ገባው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ መርማሪው በጠራኝ ቁጥር ወገቤን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ልጅቷን ሳይጠሯት ቀሩ። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ስፈታ ፎቶዎቹን አልመለሱልኝም፤ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ የለፋንበት! አሁንም ሲታወሰኝ ያናድደኛል። ትምህርቱን ግን አልተውኩም። ዛሬ ተማሪዎቹ በሞባይል ያነሳሉ። እኔም በየዓመቱ አንድ ነገር አስጠነቅቃቸዋለሁ፦ የራሳችሁ ጥላ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ።

ባለፈው አንዷ እጇን አወጣች። «ቢገባ ምን ችግር አለው መምህር?»

«ልኬቱን ያበላሻል» አልኳት።

አያበላሽም።